የፊልም መክፈቻ፦ ቦታው በዓይን፣ ድባቡ በጆሮ ነው የሚገባው?

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ነው። ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና መልሱን ሰንሰለት፣ የከፈተው ልጅ የቤት ሥራ አለበት። የአንድ ፊልም መክፈቻ መቼቱንና ድባቡን እንዴት እንደሚያስይዝ ተንትኖ መጻፍ ይጠበቅበታል። የመረጠው የስታንሊ ኩብሪክን «ዘ ሻይኒንግ» ነው፤ አንድ ሰው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወደ አንድ የተራራ ሆቴል በመኪና ሲሄድ የሚጀምር የ1980 አስፈሪ ፊልም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያ ጽሑፉ ተመልሶበታል። ያየውን ዘረዘረ እንጂ አልተነተነም ተብሎ። ስለዚህ ሁለተኛውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀመር ይዞ መጣ፦ ቦታውን የሚነግረን ምስሉ ነው፤ ስሜቱን የሚሰጠን ሙዚቃው ነው። ማስረጃም አለው። ሐይቁ፣ የኮሎራዶ ተራሮች የሚላቸው፣ በጠመዝማዛው መንገድ የምትሄደው ቢጫ ቮልስዋገን፣ ሙዚቃው ቢነሳላቸው የጉዞ ማስታወቂያ ይሆናሉ ባይ ነው። ይህ ልክ መሆኑን ነበር የጠየቀው።

ሁለት ሰው አዎ ብሎት የሚያልቅ ጉዳይ ይመስላል። አላለቀም። መልሶቹን እንዳሉ ከመገልበጥ በራሴ አነጋገር ልተርካቸው። አንዳንዱ መልስ ረጅምና ቁም ነገር ያለው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

መልስ 1 ትሑት ሰው ነው። ጠያቂውን አመሰገነ፣ በሐሳቡ ተስማማ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጨመረለት። ያ የሚያስፈራ ዜማ ለፊልሙ እንደ አዲስ የተፈጠረ አይደለም። ዌንዲ ካርሎስና ሬቸል ኤልካይንድ ሲንተሳይዘር በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ የሠሩት «ዲየስ ኢሬ» ከሚባለው ጥንታዊ የላቲን ዜማ ተነስተው ነው። ስለ ፍርድ ቀን የሚናገር፣ ለሙታን ጸሎት ሲዜም የኖረ ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤርሊዮዝም በ1830 ሲምፎኒው ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ ሰውዬው ገና መንገድ ላይ እያለ ፍትሐቱ ተጀምሯል ማለት ነው። ዜማውን የማያውቅ ተመልካች እንኳ ክብደቱ እንደሚሰማው መልስ 1 ያምናል።

መልስ 2 አልተስማማችም። መክፈቻውን ድምፁን አጥፍታ ደጋግማ አይታዋለች። ያለ ሙዚቃም ያስፈራል። ምክንያቷን በዝርዝር ጻፈች፤ እኔም እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከክሩ ሁሉ ጥሩ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ነው።

ካሜራው መጀመሪያ ከሐይቁ በላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ከሰማይ ሆኖ መኪናዋን ያገኛታል፤ መኪናዋ ጉንዳን ታክላለች። ይከተላታል። እየቀረበ ይመጣል። ልክ ሲደርስባት ግን አብሯት አይሄድም፤ መንገዱን ለቆ በገደሉ በኩል ያልፋል። እንግዲህ የሚያየው ዓይን መንገድ የማያስፈልገው ዓይን ነው። የሹፌሩን ፊት አናይም። ወዴት እንደሚሄድ አልተነገረንም። እየታየ መሆኑን ግን አውቀናል፤ እሱ አያውቅም። በዚያ ላይ የባለሙያዎቹ ስም አለ። ውሃ ሰማያዊ የሆኑት ፊደሎች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ፊልም አልቆ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ እንደምናየው። ገና ሳይጀመር ያለቀ ነገር የምናይ ያስመስለዋል። ይቺን የስሞቹን ነገር ብዙ ሰው ልብ አይላትም።

መልስ 3 በድሮን የተቀረጸው ምስል በጣም እንደሚያስደንቀው ጻፈ።

መልስ 4 አልማረውም። በ1980 ስለ ምን ድሮን እንደሚያወራ ጠይቆ፣ ፊልም ሳያዩ አስተያየት የሚሰጡ ሰዎችን በሙሉ አብሮ ወቀጣቸው። የተቀረጸው በሄሊኮፕተር ነው። ሰውዬው አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ የሚያውቀው ነገር ግን ብዙ ነው። ታሪኩ ኮሎራዶ ውስጥ ቢሆንም መንገዱ ያለው ሞንታና፣ ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በመክፈቻው መጨረሻ ብቅ የሚለው ሆቴል ከውጭ ሲታይ ኦሪገን የሚገኘው ቲምበርላይን ሎጅ ነው። ውስጡ ደግሞ እንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ። ሦስት ቦታ ተገጣጥሞ ነው ተመልካቹ እንደ አንድ ቦታ የሚቀበለው። ስለዚህ ጠያቂው ተራሮቹን የኮሎራዶ ተራሮች ማለቱን እንዲያርም መከረው፤ ቢያንስ ታሪኩ ያለበትን ቦታና ካሜራው የቆመበትን ቦታ እንዲለይ።

ቀጥሎ የጻፈው ግን ክርክሩን አቅጣጫ አስቀየረው። ከዚያ የሄሊኮፕተር ቀረጻ የተረፈው ፊልም ለዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ተሰጥቶ በ1982 በወጣው «ብሌድ ራነር» መጨረሻ ላይ ገብቷል። እዚያ ሁለት ፍቅረኞች ከጨለማው ከተማ አምልጠው የሚያልፉበት አገር ሆኗል። ያው ተራራ፣ ያው ሰማይ፤ አንዱ ላይ ሞት ይጠብቃል፣ ሌላው ላይ ነፃነት። ምስል ብቻውን ድባብ ቢሰጥ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር፤ እንግዲህ ጠያቂው ትክክል ነው። በእርግጥ ያ ማብቂያ ኋላ በወጣው የ1992 ቅጂ ላይ ተቆርጦ እንደወጣም አልደበቀም።

መልስ 5 መልስ 2 ራሷ ናት፤ ተመልሳ መጣች። የገባው ትርፉ ቀረጻ እንጂ ኩብሪክ የመረጣቸው ሾቶች (ሳይቆረጡ የሚሄዱ የምስል ቁራጮች) እንዳልሆኑ አስታወሰችው። ኩብሪክ ከዚያ ሁሉ ቀረጻ ውስጥ የትኛውን እንደሚይዝ ሲመርጥ፣ መኪናዋን አሳንሶ የሚያሳየውንና ጥሏት የሚሄደውን ነው የያዘው። ድባቡ ያለው ተራራው ላይ ሳይሆን ምርጫው ላይ ነው። መልስ 4 ለዚህ መልስ አልሰጠም። ዝም ማለቱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 6 ክርክር ውስጥ አልገባችም፤ ስለ አባቷ ጻፈች። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ፊልም የሚያዩት ከታች ጽሑፍ እያነበቡ ነው። መስማት ለማይችሉ የሚዘጋጀው ጽሑፍ ደግሞ ንግግሩን ብቻ አይጽፍም፤ በቅንፍ ውስጥ አስፈሪ ሙዚቃ መኖሩንም ይጽፋል። አባትዬው ይቺ ቅንፍ በመጣች ቁጥር ይስቃሉ። ፍራ ተብለው መታዘዛቸው ነው የሚያስቃቸው። የሚፈሩት በሌላ ነገር ነው፤ ምንም ያልሆነበት ምስል ከሚገባው በላይ ሲቆይ። ባዶ ኮሪደር ሦስት ሰከንድ ከታየ ኮሪደር ነው። አሥር ሰከንድ ከታየ ከወንበራቸው ቀና ይላሉ። ልጅቱ በዚህ ምንም ልታረጋግጥ አልፈለገችም። እኔ ግን ከብዙው መልስ የበለጠ ያሳመነኝ ይሄ ነው።

መልስ 7 በድምፅ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ድምፅን ከሙዚቃ ጋር ማምታቱ አናዶታል፣ ግን በጨዋነት ነው የተናደደው። ምሳሌው የሰርጂዮ ሊዮኔ የ1968ቱ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ነው። ሦስት ታጣቂዎች አንድ ባቡር ጣቢያ ላይ ባቡር ይጠብቃሉ። ከ10 ደቂቃ በላይ ይጠብቃሉ። የፊልሙ ሙዚቃ የኤንዮ ሞሪኮኔ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ማጀቢያ የለም። ያለው ቅባት የጠማው የነፋስ ወፍጮ ነው፤ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከታጣቂዎቹ አንዱን የሚጫወተው የዉዲ ስትሮድ ባርኔጣ ላይ ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሰውዬው ከቦታው አይነሳም፤ ውሃው ባርኔጣው ላይ ሲጠራቀም ቆይቶ ያወርደውና ይጠጣዋል። ሌላው ጣቱን ያንቋቋል። የጃክ ኢላም ፊት ላይ ዝንብ ታርፋለች፤ እፍ ይላታል፣ ትመለሳለች፣ በመጨረሻ በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ይይዛታል። ቴሌግራፉ ሲንጫጫበት ገመዱን ይበጥሰዋል።

የመልስ 7 ነጥብ እንዲህ ነው። ደረቅ አገር መሆኑን፣ ሙቀቱን፣ ጣቢያው ከሰው የራቀ መሆኑን የነገረን ድምፁ ነው። ዝንብ የሚሰማው ሌላ የሚሰማ ነገር ሲጠፋ ነው። ውሃ ጠብታ የሚያጓጓው ውሃ በሌለበት ነው። እንግዲህ ድምፅ ስሜት ብቻ ሳይሆን ቦታም ይሠራል፤ የጠያቂው ቀመር እዚህ ጋ ይፈርሳል። ሙዚቃ ሲመጣ ደግሞ ባቡሩ ሄዶ ሰዎቹ ሊመለሱ ሲሉ ነው፤ ሃርሞኒካ። የሚነፋው ሲጠብቁት የነበረው ሰው ራሱ ነው። ሙዚቃው እንደ ማጀቢያ አልገባም፤ እንደ ሰው ከባቡር ወረደ።

መልስ 8 ይሄን ሁሉ አንብቦ፣ ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ዝንብ ሲያባርር ለማየት 10 ደቂቃ እንደሌለው ጻፈ። የዛሬ ሰው ስልኩን ያነሳል። መክፈቻ በ30 ሰከንድ ካልያዘው ፊልሙ አበቃለት።

ከመልስ 9 እስከ 12 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አንዱ መልስ 8ን ሲኒማ ሳይሆን ማስታወቂያ እንዲያይ መከረው። እሱም በአንተ መጠራቱን አልወደደውም፤ በዕድሜ እንደሚበልጥ አሳወቀ። ሌላዋ ተከታታይ ድራማዎች ላይ መግቢያውን ዝለል የሚለውን ቁልፍ ሁሌ እንደምትጫን ተናገረች፤ አራተኛው በዚህ ምክንያት የሥልጣኔ ውድቀት ላይ አንድ አንቀጽ ጻፈ። የዝላይ ቁልፉ የሚዘለው የስም ማሳያውን እንጂ ታሪኩ የሚጀምርበትን ትዕይንት እንዳልሆነ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን መልስ 13 ነው። ለእኔ የክሩ እምብርት ይሄ ነው። የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቪል»፣ 1958። መክፈቻው ሳይቆረጥ ከ3 ደቂቃ በላይ የሚሄድ አንድ ሾት ነው። እጅ ይታያል፤ የፈንጂ ሰዓት ይሞላል። ፈንጂው በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይቀመጣል። ባልና ሚስት የመሰሉ ሁለት ሰዎች መጥተው መኪናውን አስነስተው ይሄዳሉ። ካሜራው ከፍ ብሎ የጣሪያውን አናት ተሻግሮ ይከተላቸዋል። የሜክሲኮና የአሜሪካ ድንበር ከተማ ናት፤ ሰው ይርመሰመሳል። አዲስ ተጋቢዎች በእግር ይመጣሉ፤ መኪናው አንዴ ይቀድማቸዋል፣ አንዴ ይቀድሙታል። በየትኛው ቅጽበት እንደሚፈነዳ አናውቅም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ስቱዲዮው ፊልሙን ሲያወጣ በዚህ ሾት ላይ የባለሙያዎቹን ስም ጻፈበት፣ የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ደረበበት። ዌልስ ሥራውን አይቶ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። በ1998 የፊልም አቀናባሪው ዋልተር መርች ያንን ማስታወሻ ተከትሎ ፊልሙን እንደገና አቀናበረው። ስሞቹ ከምስሉ ላይ ተነሡ። የማንቺኒ ዜማም ተነሥቶ በምትኩ የመንገዱ ድምፅ ገባ፤ ከየመጠጥ ቤቱ በር የሚወጣ ሙዚቃ፣ ከመኪናው ሬዲዮ የሚሰማ ሙዚቃ። ምስሉ አንድ ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ግን የሚሰጡት ስሜት ለየቅል ነው።

መልስ 13 ሁለቱን አከታትሎ ማየትን ይመክራል፤ እኔም አይቻቸዋለሁ። በ1958ቱ ውስጥ ከበሮውና ጥሩምባው ከጫፍ ጫፍ ይይዝሃል። አደጋ እንዳለ ታውቃለህ፤ የት እንዳለህ ግን ብዙ አይታወቅህም። በ1998ቱ ውስጥ ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ስታልፍ ዘፈኑ ይለወጣል፤ በዚያ ከተማዋ ምን እንደምትመስል ይገባሃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪናው ከዓይን ሲሰወር ሬዲዮው ይሰማል። ፈንጂው ያለበትን በጆሮህ ትከታተላለህ። ቦታውንም ፍርሃቱንም የሚሠራው ያው ድምፅ ነው። ምስል ለቦታ፣ ሙዚቃ ለስሜት የሚለው ክፍፍል ከዚህ በኋላ ምኑ ይቀራል?

መልስ 14 እርማት ነው፤ ተገቢ እርማት። መልስ 13 የ1998ቱን የዌልስ ቅጂ ብሎ መጥራቱ ልክ እንዳልሆነ አሳየ። ዌልስ በ1985 ሞቷል። በማስታወሻው የተመራ ሥራ ነው እንጂ እሱ ቁጭ ብሎ ያቀናበረው አይደለም። መልስ 13 ተቀብሎ አስተካከለ። በዚህ ክር ላይ ሰው ሳይሰዳደብ የተስተካከለ ስህተት ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

መልስ 15 ሁሉም ስለ አሜሪካ መንገድ ማውራቱ ሰልችቷት የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲን «ቱኪ ቡኪ» አመጣች፤ የ1973 የሴኔጋል ፊልም። ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች ወደ ካሜራው ይመጣሉ፤ አንድ ልጅ በሬ ላይ ተቀምጧል፤ ዋሽንት ይሰማል። ሰላም ያለበት የገጠር ምስል ነው። ቀጥሎ ቄራ። ደሙ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ካሜራው ፊቱን አያዞርም። ከዚያ የዳካር ሞተረኛ ይመጣል፣ ሞተሩ ላይ የበሬ ቀንድ ታስሯል። የእሷ ጥያቄ፣ ድባቡ የቱ ጋ ነው የተሠራው የሚል ነው። ዋሽንቱ ላይ አይደለም፣ ደሙም ላይ አይደለም። ሁለቱ የተያያዙበት ቦታ ላይ ነው። ከቄራው በኋላ ያንን ዋሽንት አስበህ እንደ መጀመሪያው ልትሰማው አትችልም። እስካሁን ስለ ኤዲቲንግ፣ ማለትም ምስልን ከምስል ስለ ማያያዝ፣ አንድም ሰው አለመናገሩን አስተውላለች፤ እውነቷን ነው።

መልስ 16 ወደ ጽሑፍ ወሰደው። ስክሪን ላይ የቦታና የጊዜ ጽሑፍ መለጠፍ ስንፍና ነው ባይ ነው፤ ማሳየት ያቃተው ዳይሬክተር የሚጠቀምበት። መልስ 17 የሂችኮክን የ1960 «ሳይኮ» ይዞ መጣበት። ፊኒክስ፣ አሪዞና። አርብ፣ ዲሴምበር 11፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ43። ዓመቱ ግን አልተጻፈም። ማን ነው 43 ደቂቃ የሚቆጥረው? ፖሊስ ቃል ሲቀበል ነው እንዲህ የሚጻፈው። ወንጀል ገና አልተፈጸመም፤ መዝገቡ ተከፍቷል። ካሜራው ደግሞ ከከተማው ሰማይ ወርዶ በአንዱ ሆቴል መስኮት፣ በመጋረጃው ስር ሾልኮ ይገባል። አጮልቀን እንድናይ ያደርገናል። ስንፍና የተባለው ጽሑፍ ከዚህ ሾት ጋር ነው የሚሠራው።

መልስ 18 ጠያቂው ነው። ትንሽ ግራ ተጋብቷል። ቀመሩ ፈርሷል፣ ጽሑፉ ግን አልተጻፈም። ሁሉንም አመስግኖ ታዲያ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠየቀ።

መልስ 19 መምህርት ትመስለኛለች፤ ባትናገርም። ቅጽሎቹን እንዲሰርዝ ነገረችው። አስፈሪ፣ ውብ፣ ምስጢራዊ የሚሉት ሁሉ ይውጡ፤ በምትካቸው ካሜራው ምን አደረገ የሚለው ግስ ይግባ። ቀጥሎ ያልታየውን እንዲጽፍ፤ የማን ፊት ተደበቀ፣ የትኛው ድምፅ ጠፋ። ከዚያ አንድ ነገር በሐሳብ ለውጦ እንዲያይ። ካሜራው መኪናው ውስጥ ቢሆንስ? ያን ጊዜ መሪ የያዘ ሰው ፊት እናያለን፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሄድ፣ ምናልባት የጨነቀው ሰው። እናዝንለታለን፣ አብረነው እንሄዳለን። ከሰማይ ሲታይ ግን የሚታዘንለት ሰው የለም፤ ገና ሳናውቀው አገሩ ውጦታል። በዚህ ልዩነት ላይ አንድ አንቀጽ ከጻፈ ትንታኔው ያ ነው። እኔ ብጠየቅ የምጨምረው ቢኖር አንድ ነው፤ ሰከንዱን ይጻፍ። የትኛው ሾት ምን ያህል እንደቆየ ሳያዩ ስለ ድባብ ማውራት ከንቱ ነው። የመልስ 6 አባት ይመስክሩ።

መልስ 20 የሳይኮን መክፈቻ ስላበላሹበት ተቆጣ። ፊልሙ ከእሱ በዕድሜ እንደሚበልጥ ተነገረው።

መልስ 21 መልስ 8 ነው፤ ዝንቧን ለማየት ተመልሶ ነበር። አሁንም ረጅም ነው ይላል። ነገር ግን ስልኩን እንዳላነሳ አመነ፤ ዝንቧ አፈሙዙ ውስጥ ስትገባ ድምፁን እንደጨመረም። መልስ 7 የልብ ምልክት አደረገለት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

መልስ 22 ይሄ ሁሉ ፍርሃት ስለሆነ ኮሜዲ እንዴት እንደሚጀምር ጠየቀና ራሱ መለሰ። የቢሊ ዋይልደር «ሰም ላይክ ኢት ሃት»፣ 1959። ሌሊት ነው። የአስከሬን መኪና ይሄዳል፤ ፊታቸው የጨለመ ሰዎች ሣጥኑን ከበው ተቀምጠዋል። ፖሊስ ይከተላቸዋል፣ ተኩስ ይከፈታል። ጥይት የበሳው ሣጥን መፍሰስ ይጀምራል። ሲከፈት ጠርሙስ በጠርሙስ ነው። መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ዘመን ነውና። ቺካጎ 1929 የሚለው ጽሑፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቦታውና ዘመኑ ራሱ የቀልዱ መዝጊያ ሆነ። መልስ 16 ጽሑፍ ስንፍና ነው ያለውን እዚህ ጋ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይወድ መዋጥ ነበረበት፤ አልዋጠም፣ ግን ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

የመጨረሻው፣ መልስ 23፣ እንደገና ጠያቂው ነው። ኮሜዲው በጣም ደስ ብሎታል። ፊልም መቀየር ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ ማስረከቢያው ነገ ነው። መልስ 4 በአንድ ቃል መለሰለት፤ ቃሉን ግን አወያዩ አጥፍቶታል።